ምስማሩ ገና አልተመታም

ልጄን በሰው ፊት «ተነስ ከበሩ» ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም ጎትጉቶ አላናገረኝም። ሰፈሩ «ምራቷ አስደግማባት ነው» ይላል አሉ፤ ይበል። ሱሪ የሚያሳጥርለት ሌላ ሰው እስኪያገኝ ድረስ እኔ ዘንድ መምጣቱ አይቀርም፤ ያኔ ዓይን ዓይኔን እያየ ይንገረኝ።

ነገሩ የጀመረው በመጽሐፍ ነው። አብረን መጽሐፍ የምናነብ አምስት ሰዎች አለን፤ የምንሰበሰበው እሁድ ከሰዓት በኋላ ጠራዡ ሱቅ ውስጥ ነው። ጠራዡ ዕድሜውን ሙሉ መጽሐፍ ሲጠርዝ የኖረ ሰው ነው። ሱቁ ሙጫ ሙጫ ይሸታል፤ መሃሉ ላይ እጀታው የረዘመ የወረቀት መቁረጫ ቢላዋ ተተክሏል፤ ወንበር ያልደረሰው ሰው የወረቀት ክምር ላይ ይቀመጣል። የሚመሩን ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ክፍል ውስጥ «ዝምታ፣ ዝምታ» ሲሉ ስለኖሩ «እትዬ ዝምታ» እንላቸዋለን፤ ያውቃሉ፣ አይከፋቸውም። ሹፌሩ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ይነዳል፤ መናኸሪያ ውስጥ ተሳፋሪ እስኪሞላለት ድረስ መጽሐፉን መሪው ላይ አስደግፎ ያነባል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከጀርባዬ «መቀሷ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ስለ ጨርቅ ብቻ እንዳልሆነም አውቃለሁ። አምስተኛዋ ምራቴ ናት፣ የአንድ ልጄ ሚስት። ክሊኒክ ካርድ ክፍል ትሠራለች። እዚያ ሱቅ እጇን ይዤ ያስገባኋት እኔው ነኝ።

ደንባችን እንዲህ ነው። አምስት መጽሐፍ አንገዛም፤ አንድ እንገዛና ጠራዡ ስፌቱን ፈትቶ አምስት ቦታ ይከፍለዋል። እያንዳንዱን ክፍል ካርቶን ያለብሰውና ከላይ ቁጥር ይጽፍበታል። አንዱ አንብቦ ለሌላው ያቀብላል። ሁላችንም ስንጨርስ ተሰብስበን እንነጋገርበታለን፤ ከዚያ ጠራዡ አምስቱን መልሶ ይሰፋና መደርደሪያው ላይ ያኖረዋል። ራሱ የሚያነበው መጨረሻ ላይ ነው። ቀድሞ ካነበበ አፉ አያርፍም፣ መጨረሻውን ያወጣብናል።

ይሄኛውን መጽሐፍ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ስንገዛው የታችኛውን ጠርዝ አይጥ ቀምሶት ነበር። ጠራዡ በዚያ ቢላዋ ከርክሞ ልስልስ አድርጎ ሰጠን። ከጠርዙ ጋር የገጹ ቁጥር አብሮ መሄዱን ልብ ያለ ሰው አልነበረም።

ታሪኩ የመንፈስና የዘመን ታሪክ ነው። አንዲት ሴት አግብታ ባሏ የወረሰው ቤት ትገባለች። ጓዳው ውስጥ ከመደርደሪያው ጀርባ በር አለ። በሩ አጠገብ የባሏ ቅድመ አያት መንፈስ ቁልፍ ይዛ ተቀምጣለች፤ ከሴትዮዋ በቀር የሚያያት የለም። በሩ ሲከፈት ያው ቤት ነው፣ ግን ቅድመ አያቲቱ ወጣት የነበረችበት ዘመን ነው። ወጣቷ የተሰበረ አጥንት ትጠግናለች፤ ለሴትዮዋም ታስተምራታለች። እዚያ የፈለገችውን ያህል ብትቆይ ስትመለስ ማታ የቀዳችው ሻይ ገና ትኩስ ነው። ባልየው አንድ ቀን ተከትሏት በበሩ ስትገባ ያያል፤ አይቶ ዝም ይላል። መጨረሻ ላይ መንፈሷ «ቁልፉ ከእንግዲህ የሚሠራው ለአንድ መሄጃና መመለሻ ብቻ ነው፤ የት እንደምትኖሪ ምረጪ» ትላታለች።

እኛ ባነበብነው አራተኛው ክፍል ላይ ሴትዮዋ ወደ ቤቷ ትመለስና በሩን ትቸነክረዋለች። አምስተኛው ክፍል ላይ ግን በሩ ክፍት ነው፤ ጓዟን አንስታ ትገባለች፣ ዞራም አታይም። በዚያው ያልቃል።

የዚያን እሁድ በዚህ ነገር ስንከራከር ቆየን። እትዬ ዝምታ «መንፈሷ ነቅላው ነው፤ መንፈስን ምስማር አይገታውም» አሉ።

«የለም እትዬ» አለ ሹፌሩ። «ሴትዮዋ የቆመችው እኮ ድሮ ዘመን ላይ ነው። ምስማሩ ገና አልተመታም።»

ይሄ ለሁላችንም ጣመን። አራተኛው ክፍል ላይ ሞቶ የተቀበረ ውሻ አምስተኛው ላይ ተነስቶ ሲጮህ ማንም አልደነቀውም፤ «እሱም ገና አልሞተም» አልን። ከዚያ ወዲያ ያልገባን ነገር ሁሉ መልሱ «ገና ነው» ሆነ። ጠራዡ ብቻ እጁን ሲያሻሽ ነበር። ሙጫ ስለነካው መሰለኝ።

አሁን ስለ ልጄና ስለ ምራቴ ልናገር፤ ነገሩ ሁሉ እሱ ነውና። ምራቴ አዋላጅ መሆን ትፈልጋለች። ክሊኒኩ ውስጥ ካርድ ስታወጣ ምጥ የያዛት ሴት ስትገባ ባየች ቁጥር ወንበሯ ይቆረቁራታል። ሌላ ከተማ ያለ ትምህርት ቤት አመለከተች፣ ተቀበሏት። ሁለት ዓመት ነው። ማክሰኞ ካልተገኘች ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል፤ ለማክሰኞ ለመድረስ ከዚያ እሁድ ማግስት፣ ሰኞ ማለዳ፣ መሳፈር አለባት። ልጄ ሲሰማ «ከሄደች በዚህ በር ተመልሳ እንዳትገባ» አለ። በሩ የኔ ነው፣ ቤቱም የኔ ነው፤ እሱን የነገርኩት በማግስቱ ነው፣ የዚያን ምሽት ደሜ ፈልቶ መናገር አቅቶኝ ነበር። የኔ ደም ሲፈላ አፌ አይዘጋም ነበር፤ ይሄ ግን ልጄ ነው።

ልጄ ክፉ አይደለም። ፈሪ ነው። ብቻውን መቅረት ይፈራል፤ አባቱ ሲሞት ትንሽ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ በር ሲዘጋ ይደነግጣል። ይሄን ስለማውቅ ብዙ ጊዜ አለፍኩለት። ፍርሃቱን ግን ሰው እግር ላይ ሲያስር እናት ነኝ ብዬ ገመድ አላቀብልም።

እትዬ ዝምታ ሁልጊዜ ማሳረጊያ ጥያቄ አላቸው። የዚያን ዕለቱ «በሩ ለእናንተ ቢከፈት ወዴት ዘመን ትሄዳላችሁ?» የሚል ነበር።

«ሚስቴን መጀመሪያ ወዳየሁበት ፌርማታ» አለ ሹፌሩ። «አልቆምም ነበር።»

ሳቅን። እትዬ ዝምታ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» አሉት፣ ይበልጥ ሳቅን። ቀጥሎ ተራው የኔ ነበር። አፌን ልከፍት ስል በሩ ተከፈተ።

ልጄ ነው። በብብቱ መጽሐፍ ይዟል፤ ያንኑ መጽሐፍ፣ ግን ሙሉውን፣ ማንም ያልፈታውን። ሰላምታ አልሰጠም። በሩን ዘጋ፣ ባዶ ወንበር ሳበ፣ ወንበሩን በሩ ላይ አስደግፎ ተቀመጠ።

«እኔም አንብቤአለሁ» አለ።

«ምኑን?» አልኩት። ልጄ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነው። ከቆጣሪ በቀር ሲያነብ አይቼው አላውቅም፤ ከቆጣሪም የሚፈልገው የመጨረሻውን ቁጥር ነው።

«መጨረሻውን።»

እንዳልኩት ነው። የመጨረሻውን ቅጠል ገለጠና ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። «በሩን ዘጋችው። ምስማሮቹን አንድ በአንድ መታች። ቁልፉን ጉድጓድ ውስጥ ጣለች። ባሏ አጠገብ ተቀመጠች፤ ሻዩ ገና ትኩስ ነበር። ተፈጸመ።» «ተፈጸመ» የምትለዋን ሁለቴ አነበባት።

ሁላችንም ዞረን ጠራዡን አየነው። አንገቱን ደፋ።

«ስከረክመው ክምሩ ከጠረጴዛው ወደቀብኝ» አለ። «የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ክፍሎች ተደባለቁ። አላነበብኩት፣ ቁጥሩ ተቆርጧል፤ ‹ተፈጸመ› የምትለዋም ከታች ስለነበረች አብራ ሄዳለች። በግምት ጻፍኩባቸው። ዛሬ ስለ ምስማሩ ስትከራከሩ ጠረጠርኩ፤ ሹፌሩ ደግሞ አሳምሮ አስረዳና ተውኩት።»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉ እትዬ ዝምታ።

ልጄ ጠራዡን አላየውም። ሚስቱን ነበር የሚያየው። «አየሽ?» አላት። «ጸሐፊው ራሱ መልሷታል። አንቺን ያሳሳተሽ የተዘበራረቀ ወረቀት ነው። በይ ተነሺ፣ ቤታችን እንሂድ።»

እትዬ ዝምታ መነጽራቸውን አወለቁ። «እንግዲህ ልጄ» አሏት ቀስ ብለው፣ «ታሪኩ እንዲያ ከሆነ ያለቀው፣ የሚጸናው ደራሲው ያለው ነው።» ሹፌሩ ጫማውን ያያል። ቅድም «እሰይ፣ ዞራም አላየች» ሲሉ የነበሩ ሰዎች እኮ ናቸው። አንዲት «ተፈጸመ» ስትነበብ ሐሞታቸው ፈሰሰ። እኔ በጣም ተናደድኩ።

ምራቴ አምስተኛውን ክፍል ጭኗ ላይ እንደያዘች ነበር። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። አላለቀሰችም።

«ያመለከትኩት ይሄን መጽሐፍ ከመጀመሬ በፊት ነው» አለችው። «ያኔ ስለ ምንም በር አላነበብኩም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዲህ እንደምትቀመጥ ስለማውቅ» አለችና ወንበሩን አሳየችው።

ቃሉ ዘልቆት ገባ፤ ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት። የተጎዳ ሰው ደግሞ አጠገቡ ያገኘውን ያነሳል። «ልጅ ሳንወልድ የሰው ልጅ ልታዋልጂ ነው?» አላት።

ከዚህ በኋላ ማንም የሰውን ፊት ማየት አልቻለም። ምራቴ ወረቀቱን ደረቷ ላይ ያዘችው። ስንት ሐኪም ቤት እንደተመላለሱ የማውቀው እኔ ነኝ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ማንም ሐኪም አልነገራቸውም፤ ጥፋት ስላልሆነ።

«እሱ የሁለታችሁ ኀዘን ነው» አልኩት። «ለብቻዋ አታሸክማት።»

«እማ፣ አንቺ አትግቢ።»

«ገብቻለሁ።»

«አንቺስ?» አለኝ። «እሷ ከሄደች መርፌሽ ውስጥ ክር ማን ያስገባልሻል?»

እዚህ ላይ ለመዋሸት አልፈልግም። ዓይኔ ደክሟል። ጨርቁን በእጄ አውቀዋለሁ፣ የመርፌው ቀዳዳ ግን ከጠፋኝ ቆይቷል። ምራቴ ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመሄዷ በፊት ለቀኑ የሚበቃኝን መርፌ ሁሉ ክር አስገብታ የመርፌ ትራሱ ላይ ትሰካልኛለች፤ ጥቁሩን ለብቻ፣ ነጩን ለብቻ። ይሄን ከቤታችን ውጪ የሚያውቅ አልነበረም። አሁን ሁሉም አወቀ። ልጄ ያለኝ እውነት ነበር፣ ፈራሁም። ሁለት ዓመት ማለት ለዓይኔ ብዙ ነው።

ከዚያ ግን ቅድም ያልመለስኩት ጥያቄ ትዝ አለኝ።

«እትዬ ዝምታ፣ ተራዬ ነበር» አልኩ። «ልመልስ።»

«መልሺ» አሉ።

«መጀመሪያ እኔ ልጠይቅ። አሁን ሁለት መጨረሻ አወቃችሁ። በአንዱ ትሄዳለች፣ በአንዱ ትመለሳለች። በሁለቱም ውስጥ ባልየው ምን ይሠራል?»

«ሻይ ይጠጣል» አለ ሹፌሩ።

«ሻይ ይጠጣል። በሩ ያለው ጓዳው ውስጥ ነው። በየት እንደምትገባ በዓይኑ አይቷል። ሚስቴ ምን ቸግሯት ነው ብሎ አንድ ቀን እግሩን አንስቶ ገብቷል? አልገባም። ለምን አልገባም? ጸሐፊውም አልጠየቀውም፣ እኛም አራታችን አንብበን አልጠየቅነውም። ሁላችንም እሷን ሂጂ፣ ተመለሺ እንላለን።»

ልጄ መጽሐፉን ጭኑ ላይ ከደነው።

«አሁን ወዴት ዘመን እሄዳለሁ ለሚለው» አልኩ። «ሙሽራ ሆኜ ስፌት ያስተማረችኝ ሴት ሌላ ከተማ የስፌት ትምህርት ቤት ልትከፍት ነው፤ ‹ነይና አብረን እናስተምር› አለችኝ። አማቴ ‹ቤቱን ማን ይጠብቃል?› አሉ። ጠበቅኩት። ቤቱ የትም አልሄደም።» እትዬ ዝምታ ሊስቁ ብለው ተዉት። «ስንት ሌሊት ወደዚያ ቀን ተመልሼ ያችን ልጅ ‹ሂጂ› ልላት ተመኝቻለሁ። ባለፈ ክረምት ግን ቤት አይሠራም። ደግሞ በር አያስፈልገኝም። ያች ልጅ ይቻት፣ ፊቴ ቁጭ ብላለች። አማትየዋም እኔ ነኝ። እዚሁ ሆኜ እላታለሁ።» ወደ ምራቴ ዞርኩ። «ሂጂ፣ ልጄ።»

ያኔ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ግን እያለቀስኩም መናገር እችላለሁ።

«ተነስ ከበሩ» አልኩት ልጄን።

«እማ፣ ሰው ፊት ነው እኮ።»

«ልጅ አልወለድሽም ያልካትም ሰው ፊት ነው።»

እንዲህ ተናግሬው አላውቅም። ከዚያ ቀስ ብሎ ተነሳ፤ ወንበሩን በእጁ ወደ ቦታው መለሰ፤ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ትቶት ወጣ። እኔ በሩን ሰፋ አድርጌ ከፈትኩት፤ የሙጫው ሽታ አፍኖን ነበር።

ሹፌሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ማለዳ ወደዚያው ነኝ» አላት ምራቴን። «ከጀርባዬ ያለውን ወንበር እይዝልሻለሁ። ብቻ ሙዚቃ እመርጣለሁ እንዳትዪ።»

ጠራዡ አምስቱን ክፍሎች ሰብስቦ «እንዴት አድርጌ ልስፋው?» ሲል ጠየቀ።

«እንዳነበብነው» አልኩ።

«ይሄማ አይሆንም» አሉ እትዬ ዝምታ። «ስህተት ነው እኮ። ልጆች ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ።»

«ጸሐፊው የራሱ መጽሐፍ አለው፣ ያውና ጠረጴዛው ላይ። ይሄ የኛ ነው።»

ብዙ አሰቡ። በመጨረሻ «ስፋው» አሉት። «ግን ሽፋኑ ውስጥ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ጻፍበት።» ጠራዡ የራሱን ጥፋት በቆንጆ የእጅ ጽሑፍ ጻፈ፤ ሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ያን ምሽት ልጄ ክፍሉን ዘግቶ አልወጣም። ምራቴ ዕቃዋን እኔ ክፍል ውስጥ አዘጋጀች። ማለዳ ሻንጣውን ግራና ቀኝ ይዘን መናኸሪያ ደረስን። አውቶቡሱ ላይ ከወጣች በኋላ በመስኮት «እማዬ፣ መርፌዎቹን ትራሱ ላይ ሰክቻቸዋለሁ» አለችኝ። «ያለሽን መርፌ ሁሉ። ሲያልቁ ምን ታደርጊያለሽ?» «አንቺ ያልተወለዱትን አስቢ» አልኳት። ሹፌሩ ሞተር አስነሳ። እሷ ዞራ አየችኝ፤ መጽሐፉ ላይ ያለችው ሴትዮ አላየችም፣ የኔዋ ግን እስከ መታጠፊያው ድረስ አንገቷን አዙራ ስታየኝ ነበር።

ቤት ስመለስ ልጄ ወጥ ቤት ውስጥ ቆሟል። እንቅልፍ እንዳልወሰደው ዓይኑ ይናገራል።

«ቁርስ አለ?» አለኝ።

«ምድጃው ያውልህ» አልኩት። የስፌት መኪናዬ ጋ ተቀመጥኩና ከመሳቢያው ውስጥ እሷ ያልደረሰችበትን አንድ ያረጀ መርፌ አወጣሁ። ትራሱ ላይ ያሉትን መንካት ስላልፈለግኩ ነው። ከጥቁር ክር ጋር ሰጠሁት። «ከዚያ በፊት ይሄን አስገባልኝ።»

ሰው ቤት ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎ የደቃቀ ቁጥር የሚያነብ ልጅ ነው። መስኮቱ ጋ ሄዶ ሞከረ፣ ሳተው። ደግሞ ሞከረ። ጀርባውን ሰጥቶኝ እንደቆመ «እማ» አለ። «ባትመለስስ?»

«ያኔ አንተ ትሄዳለህ» አልኩት። «ሹፌሩ በየሰኞው ይነሳል። በሩ ላይ ምስማር የለም።»

የክሩን ጫፍ በምራቁ አርጥቦ እንደገና ሞከረ።